አሸዋ ላይ የተማርነው ድርሰት

ባለፈው ሳምንት ከሰል ላያይዝ ወረቀት ብፈልግ የልጅ ልጄ ኤልዳና ከቦርሳዋ አንድ የተጨማደደ ባለ ሁለት ቅጠል ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላቃጥልም። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል ባያልፍም የሱቅ ማስታወቂያም ይሁን የመድኃኒት ካርቶን፣ ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ መጀመሪያ በዓይኔ ሥር ያልፋል። መነጽሬን አድርጌ ባየው የአማርኛ ፈተና ነው።

የመጀመሪያው ገጽ የምርጫ ጥያቄ ነበር። የድርሰት አጻጻፍ ሂደት ቅደም ተከተል የቱ ነው ይላል። ኤልዳና ማሰብ፣ መንደፍ፣ ማሻሻል፣ ማረም፣ መገልበጥ የሚለውን አክብባለች፤ መምህሩም ትክክል ብሎ ምልክት አድርጎላታል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድርሰት ጻፉ ይላል። ልጅቷ የተማረችውን አደረገች። ከወረቀቱ ጀርባ ነደፈች፣ ሰረዘች፣ አስተካከለች፣ ከዚያ ወደ ፊት ገጽ መገልበጥ ጀመረች። የመጨረሻው አንቀጽ ሳይገለበጥ ደወል ተደወለ። መምህሩ ንድፉ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ መስመር ስቦ «ስርዝ ድልዝ፣ ንጽሕና የለውም» ብሎ ነጥብ ቆርጦባታል። ደረጃዎቹን ስላወቀች ነጥብ ተሰጣት፣ ደረጃዎቹን ስለሠራችባቸው ነጥብ ተነጠቀች። እንዲህ ያለ ፍርድ እግዜር ያሳያችሁ!

«ተዪው እማዬ» አለችኝ። እናቷን በስሟ ነው የምትጠራት፣ እማዬ የምትለው እኔን ነው። «እነ ቤቲ ከስልክ ላይ የተዘጋጀ ድርሰት ሸምድደው ነው የገቡት፣ ሙሉ አገኙ። ከአሁን በኋላ እኔም እሸመድዳለሁ። መንደፍ ምን ያደርግልኛል?»

ደሜ ፈላ። ከሰሉ እዚያው ቀረ። ልጅቷ ስለ ነጥቡ ብታለቅስ ኖሮ እንዲህ ባልተናደድኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ትከሻዋን ነቀነቀችና ስልኳን አነሣች። እኔ ልጅ እያለሁ ስለዚሁ ነገር አንዲት ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ተባርራለች። እንደዚህ በትከሻ የሚጣል ነገር አይደለም።

ያኔ ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍላት የደቻቱ ወንዝ የልጆች ነበር። ጎርፍ ሲመጣ የማንም አይደለም፣ የራሱ ነው። በበጋ ግን ከዳር እስከ ዳር የነጣ አሸዋ ሆኖ ይሰፋና የኛ ይሆናል። ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው እዚያ ነው፣ የምንጣላውም የምንታረቀውም እዚያ ነው። ቀን የተቃጠለው አሸዋ ማታ ማታ ሲበርድ የሚሸተውን ሽታ ዛሬም በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ፤ ከግመል ፋንድያና ከመጋላ ገበያ በኩል ከሚመጣ የሳንቡሳ ዘይት ጋር ተደባልቆ። ባቡሩ ሲያፏጭ እናቶቻችን ሰዓት ያውቁበት ነበር፣ እኛ ደግሞ ወደ ቤት መሮጫ አደረግነው። አባቴ የምድር ባቡር ጥገና ሠራተኛ ስለነበር ፉጨቱን የሚነፋው እሱ ይመስለኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማረን መምህር ጌታሁን ከደጋ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። ድሬ ሲደርስ መጀመሪያ ያስደነገጠው ሙቀቱ አልነበረም፣ እኛ ነን። ድሬ ላይ አንቱ ማለት አልለመድንም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው። «አንተ መምህር፣ ይኼን አሳየኝ» ስንለው ጆሮው ይቀላ ነበር። በኋላ ለመደው፣ እንዲያውም ወደደው መሰለኝ። ደብተር ግን ብርቅ ነበር። አንዱ ልጅ በአንድ ደብተር ሦስት ትምህርት ይጽፋል። ድርሰት ላስተምር ቢል የምንሰርዝበት ወረቀት የለም። አንድ ቀን እያንዳንዳችንን እንጨት አስይዞ ወደ ደቻቱ አወረደን።

ሁለት ሁለት አድርጎ አስቀመጠን። አንዷ አሸዋው ላይ ትጽፋለች፣ ሌላዋ ትይዩ ተቀምጣ ታነባለች። አንባቢዋ አንድ ሥራ ብቻ አላት። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ «ከዚያስ?» ትላለች። ልቧ ካልጠየቀ ግን ከዚያስ አትልም፤ ዝም ትላለች። ጓደኛሽ ዝም ካለች ያ ዓረፍተ ነገር የሞተ ነው፣ በእግርሽ ታጠፊዋለሽ። ደግሞ ትጽፊያለሽ። ከዚያስ እስከሚባል ድረስ። ሲያልቅ ብቻ፣ ሲጠራ ብቻ፣ ደብተር ይወጣና ይገለበጣል። እኛ ልጆች እንደ ጨዋታ ነው የያዝነው። የሰነፍ ዓረፍተ ነገር በእግር ማጥፋት እንዴት ደስ እንደሚል! መምህር ጌታሁን ሱሪውን ሰብስቦ በመካከላችን እየተዘዋወረ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ አትቸኩሉ፣ አሸዋ ሞልቷል» ይለን ነበር።

የኔ አንባቢ ፈጡማ ነበረች። አባቷ ከገጠር፣ ከዋሂል፣ በግመል ማገዶ እያመጡ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ፈጡማ ለትምህርት ብላ መጋላ አክስቷ ዘንድ ነው የምትኖረው። አክስትየው ከአባቷ ጋር የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ልጅቷ እያለፈች እስከሄደች ትማራለች፣ አንድ ዓመት ከወደቀች ወደ ዋሂል ተመልሳ እናቷን ታግዛለች። ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ፈጡማ አማርኛ የተማረችው ከኛ ጋር ስትጫወት ነው፤ ሐሳብ የሚመጣላት በኦሮምኛ ነው። መምህር ጌታሁንም «መጀመሪያ በሚቀርብሽ አውሪው፣ ከዚያ አሸዋው ላይ በአማርኛ አስቀምጪው» ብሏታል። እንዲህ ስታደርግ ከሁላችንም በለጠች። አባቷ ከግመላቸው ጋር ተኳርፈው ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ የከረሙበትን ታሪክ የጻፈች ጊዜ ልጆቹ የራሳቸውን ትተው ከበቧት፤ ከዚያስ፣ ከዚያስ እያሉ ጮኹ። እንደሷ ዓይነት አንባቢም አላየሁም። ከዚያስ ስትል ከልቧ ነው፣ ዝም ስትልም ከልቧ ነው። «ዋሪያ፣ ይኼ ዓረፍተ ነገርሽ ውሃ የለውም» ትለኛለች። ዋሪያ ወንድ የሚጠራበት ነው፤ ለኔም ትጠቀምበት ነበር። ተናድጄ አጠፋዋለሁ።

እንዲህ እያልን ሰኔ ደረሰ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና መጣ።

በፈተናው ቀን አስተማሪ የራሱን ክፍል አይጠብቅም ተባለና እኛን ሊጠብቅ የገባው ዳይሬክተሩ ነው። መምህር ጌታሁን በረንዳው ላይ ቀረ። ዳይሬክተሩ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ወረቀት ሰጠንና ሕጉን ነገረን። መሰረዝ ነጥብ ያስቀንሳል። ተጨማሪ ወረቀት የለም። የመጣላችሁን በቀጥታ ጻፉ። እርስ በርስ ተያየን። ዓመቱን ሙሉ እየጻፍን ስናጠፋ፣ እያጠፋን ስንጽፍ ነው የቆየነው። በአንድ ጊዜ የጠራ ድርሰት መጻፍ ማን አስተምሮን ያውቃል? አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «አንተ ጋሼ፣ አሸዋስ?» ብሎ ጠየቀ። ዳይሬክተሩ የተሰደበ መስሎት ግድግዳ ጋ አቆመው።

እኔ የጻፍኩት ስለ አንዲት ፍየል ነው። የጎረቤታችን ፍየል ነች። በላይ በተራራው ዘንቦ እዚህ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ደቻቱን እስከ እኩሌታው ካቋረጠች በኋላ የውሃው ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ሰው ሁሉ ከወዲህም ከወዲያም ይጮሃል። ፍየሏ መሀል አሸዋው ላይ ቆማ ወዲህም ወዲያም ታያለች። እዚህ ድረስ ጻፍኩና ብዕሬ ቆመ። ቀጥሎ ያለውን በሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ አሸዋ ቢሆን ሁለቱንም እሞክር ነበር። አሁን ግን ከተሳሳትኩ መሰረዝ የለም። ብዕሬን አየር ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ፈጡማ አጠገቤ ነበረች። የሷን ጨርሳለች። እጄ ሲቆም አየች፣ ዓይኗ ወደ ወረቀቴ ወረደ፣ አነበበች። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ ያስተማሯትን ነገር አደረገች። ድምፅዋን እንኳን ዝቅ አላደረገችም፣ ልክ ደቻቱ እንደተቀመጥን።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

የዳይሬክተሩ ጫማ ሲንኳኳ ሰማሁ። አጠገባችን ደርሶ ቆመ።

«ምን ነገርሻት?»

«ምንም አልነገርኳትም።»

«በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ! ምን ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም እኮ» አለች ፈጡማ፣ በእውነት ግራ ገብቷት። «ጠየቅኳት እንጂ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሳቁ ነው የጨረሰን። ዳይሬክተሩ ወረቀቷን ከፊቷ አነሣና ለሁለት ቀደደው፣ በሩንም አሳያት። ተነሣሁ። «አንተ፣ ስማኝ! አሸዋ ላይ የምንጽፈው እንዲህ ነው፣ ከዚያስ ነው የሚባለው፣ መምህር ጌታሁንን ጠይቀው» አልኩት። እንኳን ዛሬ ያኔም አፌ አያርፍም። ዳይሬክተሩ ወደ በረንዳው ዞሮ «መምህር ጌታሁን፣ እንዲህ ነው ያስተማርካቸው?» አለ።

መምህር ጌታሁን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ፈጡማን አየ። ቀጥሎ እጁን አየ፣ ጠመኔ የነካውን እጁን። ከዚያ «ፈተና ላይ ማውራት አላስተማርኳቸውም» አለ።

ውሸት አልነበረም። ለዚህ ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ። ቢዋሽ እረግመውና እረሳው ነበር። ያ ሰው እውነቱን እንደ ዱቄት ነፍቶ ነፍቶ እሱን የማይነካውን ብቻ አስቀረ። አዎ ብሎ ቢያምን ምን ይሆን ነበር? ዳይሬክተሩ ተቆጥቶ ይተወው ይሆናል፣ ከሥራ ያባርረው ይሆናል፣ አላውቅም። የማውቀው አሥራ አንድ ዓመት ያልሞላት ልጅ ብቻዋን በዚያ በር መውጣቷን ነው።

በማግሥቱ አባቴ ጋ መልእክት መጣ። ዳይሬክተሩ አባቴን ያውቀዋል፣ የምድር ባቡር ሰው የተከበረ ነበር። ልጅህ ጎበዝ ናት፣ ያቺ ናት ያበላሸቻት፣ ሰኞ ትምጣና ለብቻዋ ትፈተን አለ። ለፈጡማስ ስል ለሷ የለም ተባልኩ። የተጠየቅኩት እኔ፣ የጠየቀችው እሷ። ጥፋት ከሆነ የሁለታችንም ነው፣ ካልሆነ የማንም አይደለም። አልፈተንም አልኩ። አባቴ ተቆጣ፣ ቀበቶውም ወጣ። እናቴ ግን መሀል ገብታ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች ብለህ ያስተማርካት አንተ አይደለህም? ይኸው ተምራለች» አለችው። አባቴ ቀበቶውን መልሶ አጠለቀና ወጣ። ያን ዓመት ወደቅኩ። ክረምቱ ሲያልፍ ታናናሾችሽን ያዢ ተባልኩ፣ ትምህርቴም በዚያው ቀረ። ራስሽን ነው የጎዳሽው የሚሉኝ አሉ፣ ልጆቼንም ጨምሮ። ይበሉ። ሰኞ ሄጄ ብፈተን ኖሮ ይበልጥ የተማርኩ እሆናለሁ፣ የበለጥኩ ሰው ግን አልሆንም።

ፈጡማ የሄደችበትን ቀን ከድልድዩ ላይ ሆኜ አየሁ። አባቷ ማገዶ አራግፈው ሲመለሱ ከግመሎቹ ኋላ ትከተላለች፤ የተጠቀለለ ልብሷን ታቅፋለች። ድልድይ እያለ በአሸዋው ነው የተሻገሩት። ያ ሁሉ የጻፍንበት ቦታ የግመል ኮቴ ብቻ ሆነ። ጠራኋት፣ ዞር አላለችም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የያዘ ሰው የኤልዳናን ወረቀት ዝም ብሎ ከሰል ያያይዝበታል? በማግሥቱ ወረቀቱን በእጄ ይዤ፣ ኤልዳናን በሌላ እጄ ይዤ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ወንበር አወጣልኝ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁለት።

«እማማ፣ ሂደቱን ያስተማርኩት ለትምህርት ነው» አለኝ። «ፈተና ሌላ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ባጃጅ አስተምረህ በግመል ትፈትናለህ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ እሱም ተወው። ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ስንት ክፍል እንደሚያስተምር ነገረኝ፤ የሚያርመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቆልሎ አሳየኝ። ንድፍ ይታረም ብል መቼ ልተኛ ነው አለኝ። ይህን አልክድም፤ የደከመ ሰው ሳይ አውቃለሁ። ግን ድካሙን ለምን ልጅቷ ትከፍላለች? ለንድፍ ጊዜ የማትሰጥ ከሆነ ንድፍ አታስተምር፣ ካስተማርክ ጊዜ ስጥ፣ ቢያንስ ቢያንስ ስለነደፈች አትቅጣ አልኩት። መልሶ ያለኝ ቃል ይኼ ነው፦ ውጤቱ ተላልፏል፣ ለሚቀጥለው እናያለን። እናያለን! በዚህ አገር ስንቱ በደል የተቀበረው በዚህ ቃል ነው። ከመነሣቴ በፊት የመምህር ጌታሁንን ታሪክ ነገርኩት፣ በበሩ ላይ እጁን እንዳየ። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ወረቀቱን መለሰልኝ። ሰላምታ ሳልሰጠው ወጣሁ። የሚቀጥለው ፈተና ሲደርስ ደግሞ እሄዳለሁ፣ ወንበሩን ያዘጋጅ።

ኤልዳና መንገዱን ሙሉ አፍራ አንገቷን ደፍታ ነበር። ወደ ቤት አልወሰድኳትም፤ ታይዋን ገበያ ይዣት ወረድኩ። ፈጡማ እዚያ ድሪያ ቀሚስና ሻሽ ትሸጣለች። አግብታ ወደ ከተማ ከተመለሰች ወዲህ ተገናኝተን ዛሬ ሁለታችንም አያት ሆነናል። ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ስለዚያ ቀን በነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ጊዜ አንሥተን አናውቅም፤ እኔ እሷን ላለማሳመም፣ እሷ እኔን ላለማሳመም። ሱቋ ውስጥ በጨርቁ መሀል ተቀምጠን ወረቀቱን ሰጠኋት። ቀዩን መስመር አየችና ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ኤልዳናን «አንብቢልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለቻት።

ኤልዳና እየተኮላተፈች ጀመረች። ሁለት ዓረፍተ ነገር አነበበች፣ ፈጡማ ዝም አለች። ሦስተኛውን አነበበች፤ ሰፈራችን በጠዋት ውሃ ሲመጣ ጀሪካኖች ከሰዎች በፊት ይሰለፋሉ ይላል። ፈጡማ ካለችበት ቀና አለች።

«ከዚያስ?»

ልጅቷ ደንግጣ አየቻት፣ ከዚያ አየችኝ። ለመምህሩ ስነግረው የሰማችው ቃል ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ሰማች። ፈጡማ ግን ወደኔ ዞራ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁትን ቁጣ ነው ልል ነበር፣ ሳቅም አለበት።

«አንቺስ ፀሐይ? ያቺ ፍየልሽ ምን ሆነች? እስከዛሬ አልነገርሽኝም እኮ።»

ስንት ዓመት አንድ ጥያቄ ይዛ ኖራለች!

«ተሻገረች» አልኳት። «ዘላ ዘላ፣ ውሃው ኋላ እግሯን ነክቷት ተሻገረች።»

«ብቻ?» አለች ፈጡማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። «ለዚህች ነው የተባረርኩት? አቦ፣ ቢያንስ ትስጠም እንጂ!»

ጎረቤት ሱቆች እስኪሰሙ ሳቅን። ስንስቅ ግን ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ የኔም።

ዛሬ ደቻቱ ውስጥ ልጅ ይዞ የሚወርድ የለም። ፌስታልና ስባሪ ጠርሙስ ሞልቶታል፤ አንድ ሌሊት ጎርፍ ቤትና ሰው ከወሰደ ወዲህም ማንም ልጁን አያምነውም፣ እኔም አላምነውም። ወረቀት ግን ያኔ ያልነበረን ያህል ሞልቷል። ያኔ ወረቀት ሳይኖረን መሳሳቻ ቦታ ነበረን፣ ዛሬ ወረቀት ተርፎ መሳሳቻ ቦታ ጠፋ። ይህን የማመዛዝንበት ትምህርት የለኝም፤ ንዴቴ ግን አለኝ፣ እሱን ማንም አልቀማኝም።

ሳቃችን ሲበርድ ዞር ብዬ ኤልዳናን ፈለግኋት። ስልኳን አላወጣችም። ከሻሾቹ ጥቅል ላይ ወረቀቱን ዘርግታ፣ ቀዩ መስመር ባልደረሰበት ጠርዝ፣ ስለ ጀሪካኖቹ እየጻፈች ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ሰርዛለች፣ ፈጡማ ዝም ያለችባቸውን።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ቆይ እማዬ፣ እየጻፍኩ ነው!» አለችኝ ተናድዳ።